ከቅንጭቡ በላይ ያለፈችው ላም

አሞንዲ ያንን የሚያህል ጉማሬ ስትሠራ ሁሉንም አስባ አንድ ነገር ብቻ ረሳች፤ የግቢውን በር። ያወቀችውም ሥራው አልቆ፣ ቀለሙ ደርቆ፣ የበሬ ጋሪው ውጭ ቆሞ ሲጠብቃት ነው። ግን ማንም አይፍረድባት። ያቺን ሴት ሥራ ላይ ያያት ያውቃል፤ የብየዳ መነጽሯን አንዴ ካጠለቀች ጎረቤት ቢቃጠል ቀና አትልም።

አባቷ የኡዮማ ሰው ነው። ኪሱሙ ከተማ፣ ኪቡዬ ገበያ ጎን፣ ጣራ በሌለው ቦታ ፀሐይ እየጠበሰው የከሰል ምድጃ ሲቀጠቅጥ ኖረ። እሷም እዚያው ቆርቆሮ መሃል ድክ ድክ ብላ፣ መዶሻ እያቀበለች አድጋ፣ ኋላ ብየዳውን ከአባቷ አስበልጣ ያዘችው። ሐይቁ ዳር ዱንጋ መንደር ስትዳር ሌላዋ ሙሽራ ድስትና ብርድ ልብስ ይዛ ትመጣለች፤ እሷ የብየዳ ማሽኗን ቦዳ ቦዳ ሞተር ላይ ጠፍራ መጣች። ባሏ ኦጎላ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ካምፓላ ደርሶ ሲመለስ ሌላው ባል ጨርቅ የሚያመጣውን እሱ የተሰበረ ባሌስትራና ያለቀለት ኩሽኔታ ያመጣላታል፤ እሷም ዘላ አንገቱ ላይ ትጠመጠማለች። እንዲህ ያለ ፍቅርም አለ፣ ምን ይደረግ!

ከዚህ ውዳቂ ነው የአትክልት ጌጥ የምትሠራው። አንገቷ የሞተር ሰንሰለት የሆነ ሽመላ፣ በካንዴላ እግር የቆመ ዶሮ፣ ጀርባው አካፋ የሆነ ኤሊ መንገድ ዳር ደርድራ ትሸጣለች። የባሏ ታናሽ ወንድም ኦዴራ፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ሳይነካት አያልፍም።

«ኛር ኡዮማ፣ ዛሬ ደግሞ የየትኛውን ጎረቤት ቆሻሻ አገባሽ?»

«ያንተን ጀልባ ነው የምጠብቀው። አንድ ማዕበል ነው የቀራት።»

ኛር ኡዮማ ማለት የኡዮማ ልጅ ማለት ነው። እዚያ ያገባች ሴት በመጣችበት አገር ትጠራለች እንጂ ማን ስሟን ያነሳል? ጃዱዎንግ፣ ሽማግሌ፣ የሚሉት አማቷ ኦባላ ደግሞ ስሟን ማወቁንም እንጃ። ሽማግሌው ከማንጎው ሥር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ከዘራውን አገጩ ሥር ደግፎ፣ ያንን ሁሉ የብረት አራዊት እያየ አንድ ቀን እንኳ «ጥሩ ነው» ብሎ አያውቅም። «መጥፎ ነው»ም አላለም። ይኸው ዝምታው ነበር አሞንዲን የሚበላት።

አንድ ቀን ማማ ፊልጎና መጣች። ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ዓሣና ኡጋሊ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ የምትሸጥ፣ ድምፅዋ ከራሷ ቀድሞ የሚደርስ ሴት ናት። ከምግብ ቤቷ ፊት አዲስ አትክልት ተክላለች።

«ጉማሬ ነው የምፈልገው» አለች። «እውነተኛውን የሚያህል። ልጅ ሲያየው የሚጮህ፣ ትልቅ ሰው አብሮት ፎቶ ልነሳ ብሎ የሚጋፋበት። የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ አትክልቱ ይመረቃል። የማትችዪ ከሆነ አሁኑኑ ንገሪኝ፣ ከከተማ የሲሚንቶ አንበሳ ላስመጣ።»

«የሲሚንቶ አንበሳ!» አለች አሞንዲ፤ እናቷን የሰደቡባት ያህል ነው የተቆጣችው። «ማማ ፊልጎና፣ እዚህ ሐይቅ ውስጥ አንበሳ ሲዋኝ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ሴትየዋ ከሄደች በኋላ ብቻዋን ግቢው መሃል ዘለለች። ዕድሜ ልኳን ስትጠብቀው የኖረችው ሥራ ነበር። መንገደኛ የሚገዛው ዶሮ አይደለም፤ ሐይቁን ሊያይ የመጣ ሁሉ የሚያየው፣ «ይህን ማን ሠራው?» የሚባልለት ሥራ። ከተሳካላት ፉንዲ ትባላለች፤ ባለሙያ። ካልተሳካላት ደግሞ ኦዴራ ሁልጊዜ እንደሚመክራት የሚያፈስ ድስት እየደፈነች ትኖራታለች።

ችግሩ፣ በኦባላ ግቢ ጉማሬ የሚባል ስም አይነሳም። ኦባላ በወጣትነቱ የጀልባ ጌታ ነበር። አንድ ማለዳ ጉማሬ ጀልባውን ገልብጦ እንጨቱን አደቀቀው፤ የእሱንም እግር ሰብሮ አንካሳ አድርጎት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሐይቅ አልገባም፤ የዚያን አውሬ ስም በፊቱ የጠራም የለም። አሞንዲ የአሮጌ በርሜሎች ሆድ ቀድዳ፣ ዘርግታ፣ የመጀመሪያውን ጎድን ስትበይድ ሽማግሌው ከዘራውን ቀሰረ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

አሞንዲ መነጽሯን ከፍ አደረገች። «ላም ናት፣ ባባ።»

«ላም።» ብረቱን ከላይ እስከ ታች አየው። «ሆዷ ጥሩ ነው።»

ከወንበሩ ወጥቶላት የማያውቅ ቃል ነበር። ሌሊቱን በደስታም በፍርሃትም እንቅልፍ አጣች። በማግስቱ ለጆሮ ሁለት የድስት ክዳን በይዳ ቆማ ስታደንቅ፣ ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ኛር ኡዮማ፣ የላምሽ ጆሮ ሰፋ። እንዲህ ያለች ላም ጆሮዋ ትንሽ ነው። ጭልፋ ቢያህል ነው።»

ክዳኖቹን ነቅላ ሁለት ጭልፋ በየደች። እውነቱን ነበር! ፊቱ ወዲያው ነፍስ ዘራ። ሌላ ቀን ደግሞ፦

«አፍንጫዋን ወደ ላይ አውጪው። ውሃ ውስጥ ስትገባ በምን ልትተነፍስ ነው?»

«ላም ውሃ ውስጥ ምን ትሠራለች፣ ባባ?»

«እኔ ምን አውቄ? ላሟ ያንቺ ናት።»

ኦዴራ ይህን ሲሰማ መረቡን ጥሎ ሆዱን ይዞ ወጣ፤ ሳቁ እስከ ሐይቁ ተሰማ። ወደ መጨረሻው አሞንዲ ከባሌስትራ ጥርስ ስታጎብጥ ኦባላ ተነስቶ እያነከሰ መጣና ብረቱን በከዘራው ጫፍ ነካ አደረገው። «ይህ ጥርስ ትንሽ ወደ ውጭ ይበል። ቀረብ ብዬ አይቼዋለሁ» አለ። ወዲያው ዞሮ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አሞንዲም ጥርሱን ወደ ውጭ መለሰችው።

ቅዳሜ ደረሰ። ጉማሬው አፉን ከፍቶ ግቢው መሃል ቆሟል። የበርሜል ቆዳው ያብለጨልጫል፣ ኩሽኔታ ዓይኑ የሚያየውን ሁሉ ይከተላል። አሞንዲ ዙሪያውን እየዞረች በራሷ ሥራ ትስቃለች። ባለጋሪው መጣ። ኦዴራ ጓደኞቹን ይዞ ሊያግዝ ገባ፤ ጉማሬውን አየ፣ በሩን አየ፣ መቅዘፊያውን አንስቶ ሆዱን ለካ፣ ያንኑ ወስዶ በሩ ላይ አጋደመው።

«ኛር ኡዮማ» አለ በለሆሳስ። «ላምሽ ወፍራለች።»

አጋደሙት፤ ቁመቱ እንቢ አለ። አቆሙት፤ ሆዱ እንቢ አለ። የበሩ ምሰሶዎች ደግሞ ኦባላ ጎጆ በወጣበት ቀን የተተከሉ ናቸው፤ እሱ በሕይወት እያለ የሚነቀንቃቸው የለም። አሞንዲ ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ ዓይኗ ግቢውን የከበበው የቅንጭብ አጥር ላይ አረፈ። ቅንጭብ ነው፣ ምን አለው? ቆንጨራ አንስታ ሮጠች።

«ኛር ኡዮማ!» ሽማግሌው እንደዚያ ሲጮህ ሰምታው አታውቅም። «ቆንጨራውን ጣዪው!»

«ባባ፣ ትንሽ ብቻ ነው የምከፍተው፤ ተመልሶ ይበቅላል...»

«ማን ሞቶብን ነው? አጥር የሚሸነቆረው ከቤቱ ውጭ ሞቶ በሩ የማይቀበለው ሬሳ ሲኖር ነው። ኦጎላ ካምፓላ መንገድ ላይ ነው፤ ኦዴራ ነገ ሐይቅ ይገባል። ለየትኛው ልጄ ነው ቀዳዳ የምትከፍቺው?»

ቆንጨራው ከእጇ ወደቀ። ነገሩን የማታውቀው ሆና አይደለም፤ የራሷም አባት ይህንኑ ነበር የሚላት። ኦጎላ መሪው ላይ ሆኖ ታያት። እንግዲህ የቀረው አንድ መንገድ ነው። ግራይንደሩን ሰካች፤ መነጽሯን አጠለቀች። ሆዱን ለሁለት ሰንጥቃ እዚያ ሄዳ ልትቀጥለው ነው። እስከ ማታ እንደማይደርስ ታውቃለች፣ ጠባሳውም ለዘላለም እንደሚታይ ታውቃለች። ከመነጽሩ ሥር እንባዋ ይወርዳል።

ጠረጴዛ እንደሚደበድብ ሰው ኦባላ የጉማሬውን ጎን በከዘራው መታው።

«አጥፊው ይሄን ማሽን። ይህ ላም አይደለም።»

አሞንዲ ግራይንደሩን አጠፋች። ሽማግሌው ቀጠለ።

«ከመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅሁት። እኔ ካላወቅሁት ማን ሊያውቀው ነው? ያን ማለዳ ሲመጣብኝ በጎን አልመጣም፤ በር አላንኳኳም። በላዬ ላይ ነው ያለፈው። ይህም በላይ ይለፍ።»

«በምን በላይ፣ ባባ?» አለ ኦዴራ።

«በቅንጭቡ በላይ ነዋ! አጥር አይበሳ ነው የተባልኩት፤ በአጥር ላይ የሚያልፍ ነገር አባቴም አልከለከለኝም። አንተ ጀልባ ከውሃ ስታወጣ እንዴት ነው የምታወጣው? በል ሩጥ፣ ሰዎቹን ጥራ! ሳንቃ ይምጣ! ገመድ ይምጣ!»

ዱንጋ ጀልባ ለመሳብ ሲጠራ ማን ይቀራል? መረብ የሚጠግነው መረቡን ጥሎ፣ ዓሣ የሚቆርጠው ቢላዋውን እንደያዘ መጣ። ግንድ አመሳቅለው፣ የጀልባ ሳንቃ ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ አጋድመው፣ ቅንጭቡን ሳይነኩ ድልድይ ሠሩ። ሳንቃውን በዓሣ ዘይት አለሰለሱት። ጉማሬው ወገቡን በገመድ ታሰረ።

«ሃራምቤ!» ይላል ኦዴራ።

«ሄይ!» ይላል መንደሩ።

ወጣ! ክንድ በክንድ፣ ሳንቃው እየጮኸ፣ አፉን እንደከፈተ ወጣ። አሞንዲ ከታች ወዲያና ወዲህ ትሮጣለች፤ «ጥርሱን! ጥርሱን ተጠንቀቁለት! ኧረ እግሩን ደግፉት!» ትላለች፤ የሚሰማት የለም። ጫፍ ላይ ሲደርስ ሆዱ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ። የግራው ገመድ ከያዙት ሰዎች እጅ ሸተት፣ ሸተት አለ። ያኔ ኦባላ ከዘራውን ወረወረና ገመዱን ጨበጠ። የታመመች እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ወደ ኋላ ተለጠጠ። አሞንዲም ማሰብ አልቻለችም፤ ከፊቱ ገብታ ያንኑ ገመድ ያዘች። አማትና ምራት አንድ ገመድ ላይ! ሌላ ቀን ቢሆን ለመንደሩ አፍ የአንድ ወር ወሬ ይሆነው ነበር።

«ሃራምቤ!»

«ሄይ!»

ጉማሬው ቀና አለ። ጫፉን ተሻገረ። ከዚያ ማንም ሳይስበው በዘይቱ ላይ ተንደርድሮ በወዲያኛው በኩል ወረደና ጓ! ብሎ መንገዱ ላይ ቆመ። በአራት እግሩ! ባለጋሪው በሬውን ትቶ ሸሽቶ ነበር። ጩኸቱን፣ እልልታውን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ኦባላ ብቻ እያነከሰ ሄዶ አጥሩን ከዳር እስከ ዳር በእጁ ዳሰሰ። አንድ ሁለት ቀንበጥ ተቀንጥሶ ወተቱ ይንጠባጠባል። ቀዳዳ ግን የለም።

ሐይቁ ዳር እስኪደርሱ ቦዳ ቦዳው ሁሉ ጡሩምባውን እየነፋ፣ ልጆች ከጋሪው ኋላ እየጮሁ ሸኟቸው። ማማ ፊልጎና ገና ከሩቅ አይታ መሐረቧን ራሷ ላይ ጠመጠመች፤ «እናቴ! ሕይወት ያለው ነው እንዴ?» አለች። ጉማሬው ከአበባው መሃል ፊቱን ወደ ውሃው አድርጎ ተተከለ።

ከሰዓት በኋላ ኛቲቲ የሚባለው ክራራቸው ተደረደረ፤ ውዳሴውም ጀመረ። እዚያ ዘፈን ላይ ሰው እጁን ሲያነሳ ክራሩ ይቆማል፤ ሰውየውም ተነስቶ ራሱን ያሞግሳል፣ የፈለገውንም ያሞግሳል። የመጀመሪያውን እጅ ያነሳው ኦዴራ ነው፣ ሌላ ማን ይሆናል?

«እኔ ኦዴራ ነኝ! ጉማሬ ያበረርኩ! ሐይቁ ቢደርቅ በአየር የማጠምድ!»

ሳቁ ሲበርድ ኦባላ እጁን አነሳ። ክራር ተጫዋቹ ደንግጦ ጣቱን ከአውታሩ ላይ አነሳ፤ ሽማግሌው በዘፈን ላይ ከተናገረ ብዙ ዓመት ሆኖታል።

«እኔ ኦባላ ነኝ» አለ። «ጉማሬ የሰበረኝ ኦባላ። ሲያዩኝ ‹ያ ጉማሬ የገለበጠው› ይሉኛል፤ እሰማለሁ። ከዛሬ ጀምሮ እንዲያ የሚለኝ እንዳይኖር! እኔ ጉማሬን በአጥሬ ላይ ያስዘለለች ልጅ አማት ነኝ። ፉንዲ ናት። ስሟ አሞንዲ ነው።»

ተቀመጠ። ክራሩ «አሞንዲ፣ አሞንዲ» እያለ ሲነሳ እሷ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ሴቶቹ ከኋላ ገፏት። ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ እጇን አነሳች፤ ክራሩም ቆመ።

«እኔ አሞንዲ ነኝ!» አለች። «ይህችን ላም የሠራሁ!»

አትክልቱ በሳቅ ተናወጠ። ቀድሞ የሳቀው ግን ኦባላ ነበር፤ ከዘራውን ስላልያዘ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ እየመታ ሳቀ።