ረግረጉን የዘጋሁበት መስመር

ከኮኪት የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ አንድ ረባዳ መሬት ነበር። ክረምት ውሃ ይቋጥርና ረግረግ ይሆናል፤ በጋ ሲገባ ውሃው እየሸሸ ሣር ይተካል። የዙሪያው ሰው ከጥር እስከ ግንቦት ከብቱን በዚያ ሣር ያቆያል። የቆላን በጋ ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሌላው መሬት ሁሉ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ አረንጓዴ የሚታየው እዚያ ብቻ ነው።

እኔ ያኔ ኮኪት ላይ የግብርና ሠራተኛ ነበርኩ። በትርፍ ጊዜዬ፣ ማንም ሰው ገብቶ በሚያርመው የኢንተርኔት ካርታ ላይ አገሬን እስል ነበር። መጀመሪያ ስከፍተው መተማ፣ ወደ ሱዳን ከሚወስደው መንገድ በቀር፣ ባዶ ሆኖ አገኘሁትና ተናደድኩ። እውነቱን ለመናገር ያሠራኝ ንዴቴ ነው። ከገለጉ እስከ አብደራፊ ወንዙንም ጎጡንም ስለቅም ከረምኩ።

ወንዝ አያስቸግርም። ረግረግ ግን ጠርዝ የለውም፤ ካርታው ደግሞ ጠርዝ ይፈልጋል። መስመሩ ዞሮ ከመነሻው ካልገጠመ ረግረጉ አይሳልም።

የአካባቢው ሽማግሌዎች ለዚህ የራሳቸው መላ ነበራቸው። በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ ይወጡና ውሃው በደረሰበት ሁሉ የግራር ካስማ ይተክላሉ። እስከሚቀጥለው ዓመት ከካስማው ወዲያ የሚያርስ የለም። አንድ ዓመት ጂፒኤስ ይዤ ሄድኩ። ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት፣ ኑሯቸው በከብት የሆነ አዛውንት፣ ከካስማ ካስማ እያዞሩ አሳዩኝ። መጨረሻ ላይ ቆም አሉ።

«ዘንድሮ ዝናቡ አጥሮብናል፤ ውሃው ወደ ውስጥ ቀርቷል። በደህናው ዘመን ያን ዋርካ ያልፋል። ሌላ ዓመት ብትመለስ ይሻልሃል፣ ልጄ።»

«ታዲያ ወሰኑ የትኛው ነው፣ አባቴ?»

«ወሰንማ የለውም። እንደ ዓመቱ ነው።»

ፀሐዩ አናቴን በስቶታል፣ ውሃዬ አልቋል። «አንዱን ይንገሩኝ እንጂ!» ብዬ ተቆጣሁ። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ። እሳቸው ፈገግ ብለው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉና ተዉኝ። እኔም የዚያን የድርቅ ዓመት ካስማ ተከትዬ መስመሩን ዘጋሁት።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ባለሀብት ከጎንደር መጥቶ በምሥራቁ በኩል የሰሊጥ መሬት ወሰደ። ውሉ «በምዕራብ እስከ ረግረጉ» ይላል። ረግረጉ የት እንደሚጀምር ሽማግሌ የጠየቀ የለም። የትራክተሩ ሹፌር ስልኩ ላይ የእኔን ካርታ ከፍቶ እኔ ያሰመርኩበት ድረስ አረሰ፤ የዚያን ዓመት ካስማዎችም አብሮ ገለበጣቸው። ሽማግሌዎቹ አቤት አሉ። ከወረዳው ነገሩን ሊያዩ የመጡት ሰዎችም ያንኑ ካርታ አዩ። ተጠርቼ «ይህ የድርቅ ዓመት ነው፣ ተሳስቻለሁ» ስል «የሳልከው አንተ አይደለህም?» አሉኝ። እኔ ነኝ። ጉዳዩ እስኪያልቅ ካርታውን እንዳልነካ ተነገረኝ፤ ፈርቼ አልነካሁም። በመጨረሻ ለባለሀብቱ ተፈረደ።

በተከታዩ ክረምት ዝናቡ በረታና ውሃው ሰሊጡን ዋጠው። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኛል። ሰውየው ግን የረግረጉን መሐል ሰንጥቆ ቦይ አስቆፈረና ውሃውን ወደ ወንዙ ለቀቀው። በዚያ በጋ ሣር አልበቀለም። የአዛውንቱ ከብቶች የካቲት ላይ ከሱ፣ መጋቢት ላይ መውደቅ ጀመሩ። አዛውንቱ በእግራቸው እኔ ዘንድ ኮኪት ድረስ መጡ።

«ያን መስመርህን አስተካክለው» አሉኝ። «ካርታው ካስወሰደብን ካርታው ያስመልስልን።»

ቃል ገባሁላቸው። ደህና ኢንተርኔት ፍለጋ ጎንደር ሄጄ ካርታውን ስከፍት ከሰማይ የተነሳው ምስል አዲስ ነበር። ረባዳው ከዳር እስከ ዳር ታርሷል፤ ቦዩ ቀጥ ብሎ ይታያል። የዚያ ካርታ ደንብ ደግሞ አንድ ነው፦ መሬት ላይ ያለውን ሣል፤ የነበረውን አትሣል። በደህናው ዘመን ውሃው ይደርስበት የነበረውን ሁሉ አሰመርኩና ቁጭ ብዬ አየሁት። ማንም መንገደኛ አምኖት ቢሄድ የሚጠጣው አያገኝም። ሰረዝኩት። ቀጥሎ የቀድሞውንም ሰረዝኩት፤ ካርታው ላይ ረግረግ የሚባል አልቀረም።

በሳምንቱ፣ በገበያ ቀን፣ አዛውንቱ ኮኪት ላይ አገኙኝ።

«አስተካከልከው?»

«አዎ፣ አባቴ» አልኳቸው። «አስተካክዬዋለሁ።»

እጃቸውን ዘርግተው እዚያው ገበያው መሐል መረቁኝ።