የአው ዩሱፍን ቡና ያደረቅኩት እኔ ነኝ

ነገሩ የሆነው ባለፈው በጋ ነው። ለጓደኞቼ ስነግራቸው «የተሳሳተው ማሽኑ ነው፣ አንቺ ምን አጠፋሽ?» ይሉኛል። እናቴም እንደዚያው ትለኛለች። ሊያጽናኑኝ እንደሆነ ይገባኛል፤ እኔን ግን ይበልጥ ያናድደኛል። ስለዚህ ለማያውቁኝ ሰዎች ልጻፈው አልኩ።

ተወልጄ ያደግኩት ሐረር ነው፤ ቤታችን ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ አዲሱ ከተማ ነው። የምሠራው ለገበሬዎች ዘመናዊ የመስኖ ዕቃ በሚሰጥ አንድ ፕሮጀክት ውስጥ ነው። ዕቃውን እተክላለሁ፣ አጠቃቀሙን አስተምራለሁ። አፈር ውስጥ የሚቀበር ሴንሰር አለ። አፈሩ ሲደርቅ ያውቅና የታንከሩን ውሃ ይከፍታል፤ ውሃው በቀጫጭን ቱቦ እየተንጠባጠበ ሥሩ ድረስ ይሄዳል። አፈሩ ሲርስ ደግሞ ራሱ ይዘጋል። እኔ የትም ብሆን በስልኬ አየዋለሁ። ይህን ለገበሬ ሳስረዳ ደረቴን ነፍቼ ነበር።

አው ዩሱፍን ያወቅኳቸው በዚሁ ሥራ ነው። እኛ ዘንድ አዛውንት «አው» ተብሎ ነው የሚጠራው። ቤታቸው ጀጎል ውስጥ ነው፤ ከግንቡ በሮች አንዱ ከሆነው ከኤረር በር ወጥቶ ቁልቁል ሲወረድ ደግሞ የእርሻ ቦታ አላቸው። ዙሪያው ሁሉ ጫት ነው። የእሳቸውም ቦታ ለዓመታት ጫት ነበር። ከአባታቸው የቀረች አንዲት ያረጀች የቡና ዛፍ ነበረቻቸው፤ ልትደርቅ ስትል የመጨረሻ ፍሬዋን ለቅመው ችግኝ አፈሉ። ከዚያ ጎረቤቱ ሁሉ እብድ እያላቸው ጫቱን ነቀሉና ክረምት ላይ መቶ ሃያ የቡና ችግኝ ተከሉ። ዛፏ ያኔ ሞታ ነበር።

«ይህን በጋ ካለፈ ኢንሻአላህ ያድጋል» አሉኝ የተዋወቅን ቀን። «ካላለፈ ግን ዘሩ አበቃ። ሌላ ዘር የለኝም፤ ሌላ ዕድሜም የለኝም።»

ዕቃውን የተከልኩላቸው ኅዳር ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ በየጠዋቱ ጣታቸውን አፈር ውስጥ እየሰደዱ፣ የደረቀውን እየለዩ በጀሪካን ነበር የሚያጠጡት። «ከዛሬ ጀምሮ እጅዎ ይረፍ» አልኳቸው። «ላዩ ደርቆ ቢያዩት አይደንግጡ፤ ውስጡ እርጥብ ነው። በዚያ ላይ በእጅ ካጠጡበት ሥሩ ይበሰብሳል።»

በሌላው የግንቡ በር፣ በፈላና በር፣ ትንሽ ሱቅ ያላት ልጃቸው ነቢላ ያን ቀን አብራን ነበረች። «አባ፣ ሰሙ አይደል? እንዳይነኩ!» ብላ ሳቀች።

ሴንሰሩ መቀበር የነበረበት እርሻው መሐል ነው። የላኩልን ሽቦ ግን አጭር ሆነ። ሌላ ሽቦ እስኪመጣ ልጠብቅ ብል ወር ይፈጃል፤ ስለዚህ ታንከሩ ጎን፣ ከመጀመሪያዋ ችግኝ ሥር ቀበርኩት። አፈር አፈር ነው አልኩ።

ዕቃዬን ስሰበስብ አው ዩሱፍ አንድ ነገር ለመኑኝ። «ልጄ፣ ከታንከሩ ሥር አንዲት ቧንቧ ብታደርጊልኝ። ሶላት በደረሰ ቁጥር ለውዱእ ሽቅብ እስከ በሩ መውጣት ነው። ጉልበቴ እምቢ አለ።» ውዱእ ከሶላት በፊት ፊትን፣ እጅንና እግርን መታጠብ ነው። መኪናው ውስጥ ትርፍ ቧንቧ ነበረኝ፤ ወዲያው ገጠምኩላቸው። ምርቃቱን አወረዱልኝ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነው ቤቴ የገባሁት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እውነት ነው።

ብዙም ሳይቆይ ለሥልጠና አዲስ አበባ ተላክሁ፤ ወር ከግማሽ ቆየሁ። በየጠዋቱ ስልኬን ከፍቼ የአው ዩሱፍን እርሻ አያለሁ። እርጥብ ይላል። ሁልጊዜ እርጥብ።

በሁለተኛው ሳምንት ደወሉ። «ልጄ፣ ቅጠሉ ደስ አላለውም» አሉኝ።

ስልኬን አየሁና «እርጥብ ነው፣ አይጨነቁ» አልኳቸው።

«ውሃው ሲወርድ አላየሁም እኮ።»

«እርስዎ ሳይኖሩ ይሆናል የሚከፍተው» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። አላጣራሁም።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ደግመው ደወሉ። አንዳንዱ ቅጠሉን ማርገፍ እንደ ጀመረ ነገሩኝ። ብርድ መትቶት ይሆናል አልኳቸው። ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት ድምፃቸው ፈካ አለና «ቧንቧሽን ግን አላህ ይቀበልሽ። ጎረቤቱ ሁሉ አምስቱንም ሶላት እዚህ ነው የሚታጠበው። አጅሩ፣ ምንዳው፣ ለኔም ላንቺም ነው» አሉኝ።

«አሜን» አልኩ። በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት፤ ግን ምንም አልታየኝም። ይህን ሳስታውስ ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

በጥር መጨረሻ ተመለስኩና በማግስቱ ጠዋት ወረድኩ። ነቢላ ቀድማኝ ደርሳለች፤ ሰላምታዬን እንኳ አልመለሰችም። ችግኞቹ በመስመር እንደ ቆሙ ደርቀዋል። አንዱን ቅጠል ስነካው እጄ ላይ ተፈረፈረ። ጎንበስ ብዬ በጣቴ አፈሩን ቆፈርኩ። ውስጡም አቧራ ነው።

ወደ ታንከሩ ሄድኩ። ውሃው ገና ከግማሽ በላይ ነው። ሁለት ጎረቤት ገበሬዎች መጡና ሰላም ብለውኝ፣ ቧንቧውን ከፍተው እግራቸውን መታጠብ ጀመሩ። ውሃው ድንጋዩ ላይ ፈሰሰ፤ ከዚያ እየተንኳለለ ሴንሰሩ የተቀበረበት ገባ። ቦታው ጭቃ ነው፤ ሣር ሳይቀር አብቅሏል። ማሽኑ አልዋሸም። እሱ ያለበት አፈር እርጥብ ስለ ነበር ለሌሎቹ ውሃውን ሳይከፍት ከረመ። ከጎኑ ያለችው ችግኝ ብቻ አልደረቀችም፤ እሷም በውሃ ብዛት ቢጫ ሆና ነበር። እሷም አልተረፈችም።

ነቢላ ከኋላዬ መጣች። «አንድ ቀን በጀሪካን ላጠጣ ብዬ ነበር» አለችኝ። «‹ተዪ፣ ልጅቷ ከልክላናለች› ብለው እጄን ያዙኝ።»

ያኑ ቀን ቤታቸው ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሽቦው ማጠሩን፣ ሴንሰሩን የት እንደ ቀበርኩ፣ የቧንቧውን ነገር፣ ሳላይ ያወራሁትን።

«ዓይኔ ደርቋል ብሎኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ጣቴም ደርቋል ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ ያላመንኳቸው።»

አለቀስኩ። «የአላህ ቀደር ነው፣ እሱ የወሰነው ነው፣ አታልቅሺ» ብለው እሳቸው አባበሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ልወጣ ስል ደግሞ «ለሚታጠቡት ሰዎች እንዳትነግሪያቸው፤ ያዝናሉ» አሉኝ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከዚያ በኋላ የፕሮጀክቱ ባለሙያዎች ከነካሜራቸው መጡ። የደረቀውን ቆጠሩ፣ ፎቶ አነሱ። ሪፖርቱን የምሞላው እኔ ነበርኩ። «ምክንያት» የሚለው ቦታ ላይ ሽቦው አጭር ነበር ብዬ ልጽፍ ስል አለቃዬ «የተጠቃሚ የግንዛቤ እጥረት በዪው፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጻፈው» አለኝ። ለእንጀራዬ ፈራሁ። እንዳለኝ ጻፍኩ፤ ፈረምኩበትም። ያ ወረቀት እስካሁን ፋይል ውስጥ አለ። ስልሳ ዓመት ያረሱት ሰው ግንዛቤ ያንሳቸዋል ይላል፤ ሥሩ ያለው የእኔ ፊርማ ነው።

መሬቱን አሁን አንድ ነጋዴ ተከራይቶ ጫት ተክሎበታል። አው ዩሱፍ ከዚያ ወዲህ ወደ እርሻው ወርደው አያውቁም ይባላል። እኔ ዛሬም ሴንሰር እተክላለሁ። ሽቦ ካጠረኝ አልተክልም፤ ሌላ የተሻለ ሰው የሆንኩበት ነገር የለም። ገበሬው «በእርግጥ ያውቃል?» ብሎ ሲጠይቀኝ ያውቃል እላለሁ፤ ደመወዜ የሚከፈለኝ ያንን እንድል ነው።

በቀደም ዕለት ኤረር በር አጠገብ አገኘኋቸው። ሰማዩ ጠቁሮ ያጉረመርማል፤ ትልልቅ ጠብታ ኮፍያቸው ላይ መውደቅ ጀምሯል።

«አው ዩሱፍ፣ ይግቡ፣ ዝናቡ መጣ» አልኳቸው።

ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ስልክሽ ምን ይላል?» አሉኝ።

የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አላሾፉም። መልሴን እየጠበቁ ነበር።

«ይዘንባል ይላል» አልኳቸው፣ ስልኬን ከቦርሳዬ ሳላወጣ። ያኔ ነው ወደ ቤታቸው መራመድ የጀመሩት። እኔ እዚያው ዝናቡ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ የገደልኩት ችግኝ ብቻ ይመስለኝ ነበር።