ቅዳሜ የሚተኛው እርሳስ

በልብስ ስፌቱ ቤት በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ወይዘሮ እምቢ» ነው የሚሏት። ይህን ስም ያወጣላት አለቃው ነው። ሥራ በበዛበት ሰሞን ቅዳሜ እንድትገባ ሦስት ጊዜ ጠይቋት፣ ሦስት ጊዜም «እምቢ» ብላዋለች። አይሁዳዊት ናት። አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ የስፌት መኪናዋን ጨርቅ አልብሳ ትወጣለች፤ ከዚያ እስከ ቅዳሜ ማታ መርፌ አትነካም። የጎደለውን ሰዓት እሑድ ገብታ ታካክሳለች። ኮሌታ እንደ እሷ አሳምሮ የሚሰፋ ስለሌለ አለቃው ጥርሱን ነክሶ ይተዋታል። እሷም ይህን ስለምታውቅ አፏን ሞልታ ነው የምትናገረው።

ቤት ስትገባ ግን እሷንም የሚያሸንፍ አለ። ስድስት ዓመት የሞላት ልጇ አንድ ቁርስ እስክትጨርስ አሥራ ሁለት ጊዜ «ለምን» ትላለች። ጫማ ለምን ግራና ቀኝ አለው? ወተት ለምን ይገነፍላል? አባትየው ያረፈው ልጅቷ ገና በእቅፍ ሳለች ስለሆነ መልሱ ሁሉ የሚጠበቀው ከእናቷ ነው፤ ያውም በአንድ እጇ ወተት እያማሰለች፣ በሌላው ጸጉር እያበጠረች። አንዳንድ ጠዋት ከዚህ ሁሉ የአለቃው ንዝንዝ ይሻለኛል ትላለች። ግን አምርራ አይደለም።

ልጅቷ «ቅዳሜ ለምን ሥዕል አልስልም?» ብላ ስታደርቃት፣ እናትየው አንድ አርብ ከሰዓት ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ከመደርደሪያ አወረደች። መርፌውን፣ መቀሱን፣ ሜትሩንና እርሳሶቹን ውስጡ ጎን ለጎን ደርድራ ቁራጭ ጨርቅ አለበሰቻቸው።

«ሳምንቱን ሙሉ ሲሠሩ ከርመው ደክሟቸዋል። ዛሬ ይተኙ፤ እኛም እንረፍ» አለቻት።

ከዚያ ወዲህ የሰንበት ሻማ ከመብራቱ በፊት እርሳስ ማስተኛት የልጅቷ ሥራ ሆነ። ቀዩን እርሳስ ይበርደዋል ብላ ሁለት ጊዜ ትጠቀልለዋለች።

ጉድ የፈላው በትምህርት ቤት ምዝገባ ጊዜ ነው። ከስፌት ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ትምህርት ቤት ለአንደኛ ክፍል የሚቀበለው አርባ ልጅ ብቻ ነው። ስሙን መጻፍ የቻለ ይገባል፤ ያልቻለ ሌላ ይፈልጋል። ሌላው ትምህርት ቤት ደግሞ በሁለት አውቶቡስ ነው የሚኬደው፤ ልጅቷን እዚያ አድርሳ ለሥራ የምትደርስበት መንገድ የለም። ልጅቷ እዚህ ካልገባች የእናትየው እንጀራ ተቆረጠ ማለት ነው። የፈተናው ቀን ቅዳሜ ሆነ። ሌላ ቀን እንዲደረግላት ልትጠይቅ ሄደች።

«ለአንድ ሰው ተብሎ ቀን አይቀየርም» አለቻት ርእሰ መምህሯ።

«እኔም ለአንድ ፈተና ብዬ ሰንበቴን አልቀይርም» ብላ ወጣች።

ከበሩ ስትርቅ ግን ሁለት ጊዜ ዞር ብላ ትምህርት ቤቱን አየች። ለራስ ሲሆን እምቢ ማለት ቀላል ነው፤ በልጅ ሲመጣ ያስፈራል። ታላቅ እህቷም አላስቀመጠቻትም። «ልጅ ናት እኮ! አይቆጠርባትም። አንቺ እርሳስ አትንኪ፤ እሷ ብትጽፍ ምን አለበት? የራስሽን እልህ በልጅ አትወጪ» አለቻት። እልህ የምትለው ቃል ሌሊቱን ሙሉ ስትከነክናት አደረች።

ሲነጋ ልጅቷን ለፈተናው ልትወስዳት ወሰነች። አርብ ዕለት ለልጅቷ የተሰጠውን የፈተና ካርድ ለትምህርት ቤቱ ጥበቃ አስቀድማ ሰጠች፤ በሰንበት ዕቃ ይዛ አትሄድምና። ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ ሳይሳፈሩ አንድ ሰዓት ያህል በእግራቸው ሄዱ። ልጅቷ መንገዱን ሁሉ ስትጠይቅ፣ እናትየው አንዱንም በቅጡ ሳትመልስ ደረሱ።

ርእሰ መምህሯ እርሳስና ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «በይ ስምሽን ጻፊ» አለች። ልጅቷ ዞር ብላ ግድግዳውን ተደግፋ የቆመችውን እናቷን አየች። እናትየው ዓይኗን ሰበረች፤ ከዚያ ቀስ ብላ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ በከንፈሯ ብቻ «ጻፊ» አለቻት።

ልጅቷ እርሳሱን አየችው። ሹራቧን አወለቀችና እስከ ጫፉ አለበሰችው።

«ተኝቷል» አለች። «ዛሬ አይቀሰቀስም።»

ልጆቻቸውን ለፈተና ያመጡ ሌሎች ወላጆች ሳቁ። ርእሰ መምህሯ አልሳቀችም፤ «ካልጻፈች ወድቃለች» አለች። ወይዘሮ እምቢ ፊቷ በኀፍረት ጋለ። ያፈረችው በልጇ አልነበረም፤ በራሷ ነው። ወዲያው ኀፍረቱ ወደ ቁጣ ዞረ፣ ወገቧም ቀና አለ።

«ልጄ አልወደቀችም። ሰኞ እንመጣለን።»

«ሰኞ ፈተና የለም።»

«እኛ ግን እንኖራለን።»

ሰኞ ጠዋት ቁልፍ ያልተተከለላቸው ሸሚዞች ከስፌት ቤቱ ተሸክማ፣ ልጇን አስከትላ ትምህርት ቤቱ በር ላይ በርጩማ አኑራ ተቀመጠች።

«እህቴ፣ እዚህ መቀመጥ ክልክል ነው» አላት ጥበቃው።

«እሺ፣ እቆማለሁ» አለችና በርጩማውን አስረክባው ቆማ መስፋት ጀመረች። እኩለ ቀን ላይ በርጩማውን ራሱ መልሶ አመጣላት። ማክሰኞ የካፖርቱን የተበጠሰ ቁልፍ ሰፋችለት። ልጅቷም «ለምን» የምትለው ሌላ ሰው ስላገኘች ደስ ብሏታል፤ ከበሩ ቁልፍ እስከ ጥበቃው ጢም ያልጠየቀችው የለም።

ረቡዕ ዕለት ርእሰ መምህሯ መታገሥ አቃታት፤ ወጣች።

«እስከ መቼ ነው እዚህ የሚሆኑት?»

«እስከ አርብ ከሰዓት» አለች ወይዘሮ እምቢ፣ ክሯን በጥርሷ እየበጠሰች። «ቅዳሜማ አልመጣም፤ ያውቃሉ።»

ጥበቃው ሳቁን ለመደበቅ አሳለ። ርእሰ መምህሯ ወረቀትና እርሳስ አስመጣች። ልጅቷ በጥበቃው ጠረጴዛ ላይ ምላሷን ወጣ አድርጋ ስሟን ጻፈች፤ ፊደሎቿ ትልልቅ ከመሆናቸው የተነሣ ወረቀቱ ሊጠብባት ምንም አልቀረውም። ርእሰ መምህሯ ወረቀቱን ወደ ራሷ ስባ አየችው። ከዚያ መዝገቡን ገልጣ ከአርባው ስም በታች አርባ አንደኛ አድርጋ ጻፈቻት።

መዝገቡን ስታጥፍ ግን አላስቻላትም። ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለች።

«ቅዳሜ ያልጻፍሽው እናትሽ ከልክላሽ ነው፣ አይደል?»

«አይ፣ እሷማ ጻፊ ብላኝ ነበር» አለች ልጅቷ። «እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።»

የእናትየው መርፌ ጣቷ ውስጥ ገባ።

«እማዬ፣ ጣትሽ ደማ!»

«ይድማ» አለች እናቷ።