መርፌው እኔን የወጋኝ ዕለት

በደርግ ጊዜ ሽንፋ አጠገብ ከብት ስንከትብ የደረሰብኝን ላውጋችሁ። ደስታ የሚሉት የከብት በሽታ አገሩን እየፈጀ ነበር። አንድ ወይፈን ተወራጨና መርፌው አውራ ጣቴ ላይ ተሰካ። ክትባቱ ውስጥ ሕይወት ያለው ቫይረስ መኖሩን ስለማውቅ "በሽታው ያዘኝ!" ብዬ ጮኽኩ። የወይፈኑ ባለቤት አባ ታከለ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጡኝ። ሐኪማችን ከሌላው በረት እስኪመጣ ድረስም ከአጠገቤ ሳይለዩ ሲጸልዩ ቆዩ። እኔም "እንዲህ ያለ አባት ከየት ይገኛል?" ብዬ እንባዬ መጣ።

ሐኪሙ ደርሶ ጣቴን አየና ሳቀ።

"አይዞህ፣ ደስታ ከብት እንጂ ሰው አይዝም። እኔም ስንት ጊዜ ተወግቻለሁ!"

ነፍሴ መለስ አለች። አባ ታከለም በረጅሙ ተነፈሱ።

"ተመስገን! እኔማ ተነሥተህ በሽታውን ለላሞቼ እንዳታጋባብኝ ነበር የምጠብቅህ።"