ሁለተኛ የሚቀዳለት ሰው

ለሆሊስ ታርፕሊ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቡና ሁለተኛ አድርጌ የቀዳሁለት እኔ ነኝ። አልክድም።

ሆሊስ በከተማችን ጋዜጣ ላይ ስለ አሜሪካ ኳስ፣ ያ በእጅ ታቅፈው ስለሚሮጡበት፣ የሚጽፍ ሰው ነበር። ጋዜጣው አራት ገጽ ነው፣ ሁለቱ ማስታወቂያ። እንዲህም ሆኖ የመላ አሜሪካን የኮሌጅ ሻምፒዮን በድምፅ ከሚመርጡት ጋዜጠኞች አንዱ ነበር። ያኔ ዋንጫ ሜዳ ላይ አይገኝም፤ በእርሳስ ነው። ይባስ ብሎ ድምፅ የሚሰጠው ከገና በፊት ነው፤ ትልልቆቹ ቡድኖች የሚገናኙት ደግሞ ከገና በኋላ። ድስቱ ሳይወርድ ጣፈጠ እንደ ማለት ነው። እዚህ አላባማ ውስጥ ስንት ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ይህን ነገር ኃጢአት ነው ያለ ቄስ ግን አልሰማሁም።

እሑድ እሑድ ከጸሎት በኋላ እኔ ምግብ ቤት ይመጣና አሥር ቡድኖችን በደረጃ ይጽፋል። እኛም ትከሻው ላይ ተንጠልጥለን እንከራከረዋለን። ከአሥሩ ዘጠኙን በዓይኑ አይቷቸው አያውቅም፤ የሚያውቀው ውጤታቸውን ብቻ ነው።

አንድ ዓመት የኛው ካሃባ ኮሌጅ አሥሩንም ጨዋታ አሸነፈ። ወደ አገሪቱ ሰሜን ጫፍ ደግሞ ግሪምስቢ የሚባል ኮሌጅ እንደኛው አልተሸነፈም። የመጨረሻው እሑድ ሆሊስ ወረቀቱን ለማንም ሳያሳይ ሞልቶ ፖስታው ውስጥ ከተተ። እኛ ደስ ሊያሰኘን መስሎን ፓይ፣ ፍሬ የተሞላ ጣፋጭ ኬክ፣ በነጻ አበላነው። ሞኞች።

በሳምንቱ ውጤቱ ከነመራጮቹ ስም ታተመ። ካሃባ በአንድ ድምፅ ተበልጧል። ሆሊስ ታርፕሊ፦ አንደኛ ግሪምስቢ፣ ሁለተኛ ካሃባ።

ገና ባለፈ በሳምንቱ ሁለቱ ቡድኖች ተገናኙ። ሠላሳ አንድ ለዜሮ ቀጠቀጥናቸው። ዋንጫው ግን ከግሪምስቢ መደርደሪያ ንቅንቅ አላለም፤ አንዴ ተመርጧል ተባለ።

ሆሊስን የሰደበው የለም። ብቻ የትም ቢሄድ ሁለተኛ ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ ዴልማር ወንበሩ ባዶ ቢሆን እንኳ ሌላ ደንበኛ እስኪመጣ እጁን አጣጥፎ ያስጠብቀዋል። እኔ ደግሞ ፊት ለፊቱ ላለው ባዶ ወንበር መጀመሪያ እቀዳለሁ፣ ከዚያ ለሱ። ቤቱ በሳቅ ያውካካል። እሱ "አመሰግናለሁ ሉቬታ" ብሎ ይጠጣል። ሚስቱ ኧርማ ስትሞት እንኳ አልተውኩም። ይህን ሳስብ አፍራለሁ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ዝናብ ሰዉን ሁሉ ቤቱ አስቀርቶት ብቻችንን ነበርን። ለባዶው ወንበር ልቀዳ ስል እጄን ያዘኝ።

"የኛዎቹ እንደሚበልጡ አውቅ ነበር" አለኝ። "አሥሩንም ጨዋታ አይቻለሁ። እንደነሱ ያለ ቡድን በዕድሜዬ አላየሁም። ለሰፈሩ አዳላ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው።"

ደሜ ፈላ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተሳስቶ ነው ስል ኖሬ፣ ለካ አውቆ ነው! ምግብ ቤቴ በር ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ አሳየሁት፤ "የዓለም ምርጥ የኮክ ፓይ" ይላል።

"ይህን ሳስጽፍ ከዚህ አውራጃ ውጭ የማንን ፓይ ቀምሼ ነው? አፍሬበት አውቃለሁ? ያየኸውን መመስከር አቅቶህ ላላየኸው ትመሰክራለህ?"

አንገቱን ደፋ። የሸሚዙ አንገት ሰፍቶት አየሁ፤ ለካ አርጅቷል። ንዴቴ ወዲያው ውሃ ሆነ። ለነገሩ የአገር ዋንጫ ባንድ ፈሪ እርሳስ ላይ ያንጠለጠሉት ሌሎች ናቸው፤ እነሱን ማን ሁለተኛ አደረጋቸው? የቡና ማንቆርቆሪያዬን አነሳሁና ለሱ መጀመሪያ ቀዳሁለት። ለወንበሩ አልቀዳሁም።

አልነካውም። የተቀየመኝ መስሎኝ ነበር። ዓይኑ ግን በሩ ላይ ነው። ቡናው መቀዝቀዝ ጀመረ።

"ጠጣ እንጂ፣ ላንተ ነው" አልኩት።

"ግድ የለም" አለኝ፤ "መጀመሪያ ሌላ ሰው ይምጣና።"