የሚሞቀው ግድግዳ

ማሞቂያ የገጠመልን ሰው በግድግዳችን ውስጥ ያለው አሮጌ ሽቦ አዲሱን ማሞቂያ መሸከም እንደማይችል እያየ፣ ማሽኑን ከዚያው ሽቦ ጋር አገናኝቶ፣ በላዩ ላይ ጸልዮ ሄደ። የልጅ ልጄ ጀርባዋን አስደግፋ የምትተኛው ከዚያ ግድግዳ ጋር ነበር። በደሉ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ሌላ ሌላ ስም ሰጥቶታል፤ ስሕተት ያለው አለ፣ ፈተና ያለው አለ። እኔ ግን ያየሁትን አውቃለሁና በራሴ እጅ ልጽፈው ተቀመጥኩ። ትምህርቴ ትንሽ ነው፤ ለዚህ ግን ይበቃል።

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ልጄ ኦክላንድ ውስጥ፣ ከፍሩትቬል ባቡር ጣቢያ ብዙ በማይርቅ መንገድ ላይ አንዲት አሮጌ የእንጨት ቤት ገዝታ ሦስታችን እንኖር ነበር፤ እሷ፣ እኔና የልጅ ልጄ። ልጄ የሽማግሎችና የአሮጊቶች መጦሪያ ውስጥ የማታ ሺፍት ትሠራለች። ከሰዓት በኋላ እሷ ስትወጣ ቤቱም ልጅቷም በእኔ ላይ ይቀራሉ።

የቤቱ ማሞቂያ ወለሉ ውስጥ የተቀበረ፣ በጋዝ የሚነድ፣ አፉን በብረት ፍርግርግ የሸፈኑት ነገር ነበር። ከመጀመሪያው ቀን አልወደድኩትም። ከወለል በታች እሳት አስቀምጦ ከላይ መተኛት ምን የሚሉት ነው? ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ከከተማው በላይ ያሉት ኮረብቶች ሲቃጠሉ አመዱ ያኔ ተከራይተን እስከምንኖርበት ቤት ደጃፍ ድረስ ዘንቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጭስ የሚመስል ነገር ከሸተተኝ ተነሥቼ ቤቱን ሁሉ እየዞርኩ አያለሁ።

በአንድ ታኅሣሥ ልጅቷንም እኔንም ራሳችንን እያመመን ከረምን። የጋዝ ኩባንያው ሰው ተጠርቶ መጣና ማሞቂያው መርዝ ያለው አየር ወደ ቤት እንደሚለቅ ተናግሮ ዘጋው፤ ቀይ ወረቀት አንጠልጥሎበት ሄደ። ልጄ ወጥ ቤት ቆማ አለቀሰች፤ ሁለተኛ እሳት ቤቴ አይገባም አለች። ሥራ ቦታዋ ስለ ሂት ፓምፕ ሰምታ ነበር። ነበልባል የለውም፣ በኤሌክትሪክ ይሠራል፣ ከውጭው አየር ላይ ሙቀት ለቅሞ ወደ ውስጥ ያስገባል አለችኝ። ብርዱ የሚመጣው ከውጭ አይደለም ወይ፣ ከብርድ ውስጥ ምን ሙቀት ይለቀማል ብዬ ጠየቅኳት። እሷም አልገባትም። ብቻ እሳት የለውም አለች። ለእኔ ይህ በቂ ነበር።

የቀረው የሚገጥምልንን ሰው መምረጥ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ልጄ ከስልክ ማውጫ ያገኘችው ሜክሲኳዊ ነበር። ወሬ የማይወድ፣ ወፈር ያለ ሰው። በሆዱ እየተሳበ ቤቱ ሥር ገባ፣ ጣሪያ ላይ ወጣ፣ የፊውዙን ሣጥን ከፍቶ በባትሪ እያበራ ብዙ ቆየ። ከዚያ ለልጄ ዘረዘረላት። ሣጥኑ አርጅቷል፤ ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ በጨርቅ የተጠቀለለ የጥንት ሽቦ ነው፤ ማሽኑ ከመገጠሙ በፊት ሣጥኑ ይለወጣል፣ አዲስ ሽቦ ይዘረጋል፣ ከከተማው ፈቃድ ይወጣል፣ መጨረሻ ላይ ኢንስፔክተር መጥቶ ያያል። ይህ ሁሉ ሳምንታት ይፈጃል። ልጄ የልጇን የቀላ አፍንጫ እያየች ፊቷ ጠቆረ። ሻይ አቀረብንለት፤ አመሰግናለሁ ብሎ ሳይጠጣ ሄደ። ይህም አልተወደደለትም።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ልጄ ጭንቀቷን ለጉባኤው እህቶች ስትናገር ሁሉም በአንድ አፍ ወንድማችን እያለ ባዕድ ምን ያደርግላችኋል አሉ። ወንድማችን የሚሉት አብሮን የሚያመልክ፣ በአዘቦት ቀን ሳን ሆዜ ለአንድ የማሞቂያ ኩባንያ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ለራሱ የሚሠራ ሰው ነው። የብዙዎቹን ቤት ማሞቂያ የገጠመው እሱ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ መጣ። ልጅቷን ግንባሯን ሳመ፣ እኔን እማማ አለኝ፣ ምሳ በላ፣ ሁለተኛ አስጨመረ። የፊውዙን ሣጥን ቆሞ አየት አደረገና ቀላል ነው አለ። ቤቱ ሥር አልገባም።

እኔ ይህን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ያ ሰውዬ ሽቦው አይችልም ብሎን ነበር። አንተ አይተኸዋል?» አልኩት።

ልጄ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። እሱ ግን ሳቀ። «እማማ፣ እዚህ አገር ሰው ካላስፈራሩት ሥራ አይሰጥም እኮ» አለ። ልጄም ሳቀች፣ ትንሿም አብራ ሳቀች።

ወጥ ቤት ተከትያት ገብቼ ፈቃዱን ያሳየን አልኳት። ሰሃኑን አስቀምጣ ዞረችብኝ። «እማዬ፣ በጌታ ቤት አብሮኝ የሚቆም ሰው ፈቃድህን አሳይ ይባላል? እሑድ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» አለች። እኛ እንዲህ ነን። ከማናውቀው ሰው ጋር አፋችን ይፈታል፤ የራሳችን ሰው ሲሆን ግን ጥያቄ ስድብ ይመስለናል።

በሁለት ቅዳሜ ጨረሰው። ማሽኑ ውጭ፣ እኔና ልጅቷ በምንተኛበት ክፍል መስኮት ሥር ተተከለ። እጁን ማሽኑ ላይ ጭኖ ቤታችንን ባረከ። እኔም አሜን አልኩ።

ቤቱ ሞቀ፤ ደስም አለኝ። ግን ፊውዙ እየተቃጠለ ማሽኑ ደጋግሞ ይጠፋ ጀመር። ወንድም ተጠርቶ መጣና ከመኪናው ሌላ ፊውዝ አምጥቶ ከተተ። ትልቅ አደረግሁላችሁ፣ ከእንግዲህ አይጠፋም አለን። እውነትም አልጠፋም። ፊውዝ የሚባለው ነገር ሥራው ሽቦው እንዳይቃጠል ቀድሞ መቃጠል እንደሆነ ያኔ አላውቅም ነበር። እሱ ግን ያውቃል፤ እንጀራው ነው።

አንድ ቀን ልጄ ወደ ሥራ ከሄደች በኋላ ትንሿ ከትምህርት ቤት መጥታ አልጋው ላይ ወጣች፤ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ መጽሐፏን ከፈተች። የዓሣ ሽታ ሸተተኝ። ዓሣ አልሠራሁም። ፍሪጁን ከፍቼ አየሁ፣ ቆሻሻ መጣያውን አየሁ፣ ምንም የለም። ሽታው የሚመጣው ከመኝታ ቤት ነው። ገብቼ ከግድግዳው ራቅ በይ ስላት በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ፦ «ኖ፣ አያዬ፣ ኢትስ ዎርም።» ይሞቃል ማለቷ ነው።

እጄን ግድግዳው ላይ አደረግሁ። ትኩሳት የያዘው ሕፃን ግንባር ነው። ከዚያ ዝቅ አድርጌ፣ እሷ ተደግፋበት በነበረው በኩል ስነካው እጄን መለስኩ።

ያን ጊዜ የያዘኝን ፍርሃት ለማስረዳት ቃል ያጥረኛል። እሳት ቢታይ ውኃ ይደፋበታል፣ ይሸሻል። ይሄ ግን አይታይም። ከቀለሙ ጀርባ፣ ከእንጨቱ ጎን፣ ሆዱ ውስጥ ነው ያለው። ለእሳት አደጋ፣ ናይን ዋን ዋን ልደውል ስልኩን አነሳሁና ምን ብዬ ልንገራቸው? ግድግዳዬ ትኩሳት ያዘው ልበል? አስቀመጥኩት። ማሽኑን በማብሪያው አጠፋሁ፤ እውነት ይጥፋ አይጥፋ ግን አላመንኩም። ልጅቷን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ደጅ ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ጉሙ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። እሷ ለምን ደጅ ተቀመጥን እያለች ትነጫነጫለች፤ እኔ ዓይኔን ከመስኮቱ ሳልነቅል ጭስ እጠብቃለሁ። እንደዚያ ቀን ብቻዬን የሆንኩበት ጊዜ የለም።

ግድግዳው ሲበርድ ገብቼ ወንድም ዘንድ ደወልኩ። አዲስ ነገር እስኪላመድ ነው፣ አይጨነቁ፣ ይጸልዩ አለኝ። መጸለዩን እጸልያለሁ፣ ማሽኑ ግን አይበራም አልኩት።

ከልጄ ጋር ተጣላን። ልጅቷን በብርድ ሳል ያዛት፤ እናቷ ታበራለች፣ እኔ አጠፋለሁ። ሲበራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ መዳፌን ግድግዳው ላይ አደርጋለሁ፤ ሞቅ ሲል ሄጄ አጠፋዋለሁ። ልጅቷን ሳሎን ሶፋ ላይ አስተኛኋት። ልጄ እማዬ አረጀሽ ነው የምትለኝ። አንድ ጠዋት አልጋውን ስታነጥፍ ነጩ ቀለም ላይ የሳንቲም ያህል ቡናማ ምልክት አየች። በጣቷ ነካችው፤ ቀለሙ እንደ ቅርፊት ተነሣ። ሄዳ ለሜክሲኳዊው ደወለችለት።

ያንኑ ቀን መጣ። የቤቱን መብራት ሁሉ ቆረጠና ግድግዳውን በመጋዝ ከፈተው። የውስጡ እንጨት ከሰል ሆኗል። የሽቦው ጨርቅ ተሰነጣጥቆ ረግፏል። ዓሣ ዓሣ የሸተተኝ ለካ የሽቦው መቃጠል ነበር። ሰውዬው ባትሪውን አብርቶ አንድ ነገር አሳየን። ከተቃጠለው ራቅ ብሎ፣ ሽቦው በተሰነጠቀበት ቦታ ላይ ገና የሚያብረቀርቅ አዲስ ጥቁር ቴፕ በጥንቃቄ ተጠምጥሟል። ይህን ያደረገ ሰው ሽቦውን አይቶታል ማለት ነው። ማን ሠራላችሁ ብሎ ጠየቀ። ልጄ በተቃጠለው ግድግዳ ፊት ቆማ፣ በዚያ ሰዓት እንኳ፣ ስሙን አልሰጠችም።

ሣጥኑ ተለወጠ፣ አዲስ ሽቦ ተዘረጋ፣ ኢንስፔክተሩ መጥቶ አየ። ያቺ ማሽን እስከ ዛሬ ትሠራለች። እኔ ግን እንቅልፍ አልመጣልኝም። ወንድም ከእኛ ጉባኤ ቀርቶ ሳን ሆዜ ማምለክ ጀመረ። በስልክ ሳገኘው መንገድ ላይ ነኝ ይለኛል። እኔ ምንም እንዲሰጠኝ አልፈለግሁም። የምፈልገው አንድ መልስ ነው፤ ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም?

ከጉባኤው ሽማግሎች አንዱ፣ ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር በትልቅ መኪና የሚያመላልስ ሰው፣ ሊያስታርቅ ቤታችን መጣ። በፈተና የተሸነፈ ወንድም ነው፣ ይቅር ይበሉት እማማ አለኝ።

«ይቅር እላለሁ» አልኩት። «ግን ምኑን ነው ይቅር የምለው? ሳያውቅ አድርጎት ከሆነ አንድ ነው፣ አውቆ ከሆነ ሌላ ነው። እሱ ይንገረኝ። ደግሞስ የስንት ሰው ግድግዳ እንዲህ ተሸፍኖ ተቀምጧል? ሕፃናት ተኝተውበታል እኮ።»

ሽማግሌው የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። በመኝታ ቤቱ በር አሻግሮ አዲስ የተለሰነውን ግድግዳ አየና፣ «የእኔንም ቤት እሱ ነው የሠራው» አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ይቅርታ አላነሣም። ቅዳሜ ይዤዎት እሄዳለሁ አለኝ።

ቅዳሜ በእሱ መኪና ሳን ሆዜ ወረድን። መንገዱን በሙሉ አልተነጋገርንም። ወንድም ለአንዲት ፈረንጅ አሮጊት ቤት ማሞቂያ እየገጠመ ነበር። ከግቢው በር ቆሜ ሥራውን አየሁ። አዲስ ሣጥን፣ በብረት ቱቦ ውስጥ የገባ አዲስ ሽቦ፣ ሁሉም እንደ ክር የቀና። ሴትየዋ መነጽሯን አድርጋ ከራሱ ላይ ቆማ በጣቷ እያሳየች ትጠይቀዋለች፤ እሱ ተንበርክኮ፣ በትሕትና፣ አንድ በአንድ ይመልስላታል።

ሲያየን ተነሣ። እጁን በሱሪው ጠረገና እማማ ብሎ ሊስመኝ መጣ። አልተሳምኩም።

«አልቆጣህም» አልኩት። «ያን ሽቦ በቴፕ ስትጠመጥመው እንደማይችል ታውቅ ነበር?»

ወደ ሽማግሌው አየ። ሽማግሌው ዓይኑን ከአዲሱ ሣጥን ላይ አላነሣም።

«አውቅ ነበር» አለ።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ አያውቅም ነበር እንዲለኝ እፈልግ እንደነበር ያኔ ገባኝ። «ታዲያ እዚህ እንዲህ አሳምረህ እየሠራህ፣ እኛ ቤት ለምን?» አልኩት።

ወደ ሴትየዋ ዞር ብሎ አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ አማርኛ እንደማትሰማ ግን ያውቃል።

«እሷ ትጠይቀኛለቻ፣ እማማ። ፈቃድህን አምጣ፣ ሽቦውን አሳየኝ፣ ኢንስፔክተሩ መቼ ነው የሚመጣው ትለኛለች። የእኛ ሰው ምሳ አብልቶኝ፣ ጸልይልን ብሎ ይሸኘኛል። እርስዎ አንድ ጊዜ ጠየቁኝ። ሳቅሁ፤ ሁሉም ሳቀ፤ በዚያው አለፈ።»