ትሁኔን ከእንግጫ የመለስኋት ዕለት

ልጅ እያለሁ ደስታ ከመሬት የሚነቀል ነገር ነበር። ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ከሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ባለችው መንደራችን፣ ዓመቱ ሊለወጥ አንድ ቀን ሲቀረው እኛ ልጃገረዶች ተጠራርተን ወደ ረግረጉ እንወርድና እንግጫ እንነቅላለን። ያን ቀጭን ሣር ከነሥሩ መዘዝ ስታደርጉት የሚወጣው የእርጥብ አፈር ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ከአደይ አበባ ጋር ጎንጉነን በማግስቱ ጧት በአባት በእናታችን ራስ ላይ እናኖረዋለን፤ ከቤቱ ምሰሶ ላይም እናስረዋለን፤ እነሱም ይመርቁናል። ክረምቱን ሙሉ በርበሬ ስንኮተኩት የተላጠው እጃችን እንኳ ያን ቀን አያመንም።

ይህን ያስታወሰኝ ንዴት ነው። በቀደም ፍኖተ ሰላም ላይ ለሴቶች በተዘጋጀ ስልጠና አንድ ጫማው የሚያብረቀርቅ ወጣት ቆመና፣ "እናቶቼ፣ ደስታ ከውጭ አይመጣም፤ ከውስጣችሁ ነው። ደስተኛ መሆን የራሳችሁ ምርጫ ነው" አለን። የታደለንን ወረቀት አነበብሁት። እኔ ፊደል የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ ከጎናቸው ሽንኩርት እየላጥሁ ነውና የተጻፈ ነገር አላልፍም። ወረቀቱም ያንኑ ይላል። ሴቶቹ አጨበጨቡ፤ የእኔ እጅ ግን አልነሳም አለ። "ልጄ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላት ሙሽራስ ከውስጧ ምኑን ትምረጥ?" አልሁት። ፈገግ ብሎ "ጥሩ ጥያቄ ነው" አለና ወደሚቀጥለው አለፈ። እንዴት ቀሎት አለፈ! እኔ ይኸው እስካሁን አላለፍሁትም።

ትሁኔ ጎረቤቴም ጓደኛዬም ነበረች። እንግጫ ስንነቅል ዘፈኑን የምታወርደው እሷ ናት፤ እኛ ተቀባዮች ነን። ስታወርድ ማዶ የሚያርም ገበሬ ሳይቀር ቀና ብሎ ይሰማል። በጥር ወደ ሽንዲ በኩል ዳሯት። በቅሎዋ ላይ ስትወጣ እግሯ እርካቡ ጋ አልደርስ ብሎ ሚዜው ጠፍሩን ቋጥሮ አሳጠረላት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰርግ ነዋ! እሷ በሻሹ ውስጥ ታለቅሳለች፤ የኔ እናት ደግሞ እናቷን "ይተዉዋት እታለም፣ ካልደፈረሰ አይጠራም" እያለች ታጽናናለች። ማን አደፈረሰው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ክረምቱ አልቆ እንግጫ ሲደርስ አውራጇ እኔ ሆንሁ። ሳልደብቅ ልናገር፣ ከፍ አልሁ። ሳምንቱን ሙሉ በርበሬው መሀል ሆኜ ድምፄን ስሞክር ሰነበትሁ። ቀኑ ደርሶ ገና አንድ እቅፍ እንኳ ሳንነቅል፣ ትሁኔ ከላይ ከመንደሩ ስትወርድ አየናት። ለዘመን መለወጫ ወላጆቿን ልትጠይቅ መጥታለች። የባለ ትዳር ሻሿን አውልቃ በጉያዋ ሸጉጣዋለች፤ ፀጉሯም እንደ ድሮው እንደኛ ተለቋል።

"ማሬ፣ ዛሬን ብቻ አብሬያችሁ ልንቀል" አለችኝ።

"ሻሽሽስ?"

"አወለቅሁታ! ይኸው።"

ከኋላዬ ያሉት ተጠቃቀሱ። አንዷ ጎንበስ ብላ፣ "ወይዘሮ ትሁኔ፣ እንደምን ዋሉ? ባልዎ አይፈልጉዎትም?" ስትላት ሁሉም በሳቅ ወደቁ። ትሁኔም አብራ ልትስቅ ሞከረች፤ አፏ ግን ተጣመመባት። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አውራጇ እኔ ነኛ! እኔ ግቢ ካልሁ ትገባለች።

"ባለ ትዳር የነቀለው እንግጫ በረከት የለውም" አልኋት።

ይህን ማንም አልነገረኝም። ከእናቴም፣ ከቄሱም አልሰማሁትም፤ እዚያው የፈጠርሁት ነው። ፈርቼ ነበር። አንድ ጊዜ ድምጿን ካሰማች ማን እኔን ይቀበላል? ትሁኔ ሻሿን አውጥታ አሰረችው፤ ተፈታባት፤ ደግማ አሰረችው፤ እጇ ገና አልለመደውም ነበር። ከዚያ ዳገቱን ወጣች። እኔ አወረድሁ፣ ልጆቹ ተቀበሉ፣ በማግስቱም አባቴ ጉንጉኑን በራሳቸው ላይ እንዳኖርሁ "ደስታሽ አይጉደል" ብለው መረቁኝ። ማታውኑ ለእናቴ ብነግራት "ደግ አደረግሽ፤ ከእንግዲህ ደስታዋ ባሏ ነው" አለችኝ። ባሏን ያየ ሰው ይፍረድ! ምግብ እንድታበስልለት እንጂ ሊያነጋግራት እንኳ ያልፈለጋት፣ አባቷ የሚሆን ሰው ነበር።

ዛሬ እንግጫ የሚነቅሉት የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ስልካቸውን ጭቃ እንዳይነካው በጡታቸው መሀል ሸጉጠው ሲዘፍኑ አያለሁ፤ ደስ ይለኛል፤ ደግሞ ያንገበግበኛል። ያን ጊዜ እንዲህ ልጅ ሆነን እንዳንቆይ ማን ከልክሎን ነው? ለኛ ሲሆን ምን ቸግሮ ነው? አሁንም ቢሆን "የክርስትና ድግስ ነው" ብለው ጠላ ጠምቀው፣ ጓዳ ውስጥ ልጅ የሚድሩ አሉ። እኔ ሄጄ በራቸው ላይ ጮኼ አውቃለሁ፤ ተሰድቤም አውቃለሁ፤ አይቆጨኝም። የልጅ ደስታ ሰው የሚሰጣት፣ ሰው የሚነሳት ነገር ነው። እኔ ነስቼ አይቼዋለሁና ማንም አያስተምረኝም።

ትሁኔን አምና ቡሬ ገበያ አገኘኋት። የልጅ ልጅ አዝላለች፤ ድምጿ ጎርንኗል። ተቃቅፈን ከተሳሳምን በኋላ የዚያን ዕለቱን አንስቼ፣ ይቅር በይኝ ብዬ ጉልበቷን ልስም ጎንበስ ስል በሁለት እጇ ያዘችኝ።

"ተይ እንጂ ማሬ፣ ምን ሆነሽ ነው? አንቺማ ያኔ ልጅ ነበርሽ" አለችኝ።

ትሁኔ በአምስት ወር ታንሰኛለች።